ድንጋዩ ይሸጣል፤ አፈሩስ?

የተከበራችሁ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የቢሾፍቱ፣ የመቂና የባቱ መራጮች፤

በዚህ የምርጫ ጽሑፋችን ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ፍትሕ ያለንን አቋም በየተራ አስቀምጠናል። በዚህ ገጽ የምናነሳው ጉዳይ ግን በምርጫ ክርክር መድረክ ላይ እምብዛም የማይሰማ ነው። ጉዳዩ አፈር ነው፤ ይኸውም በከተሞቻችን ዙሪያ ለድንጋይ፣ ለፑሚስ፣ ለሬድ አሽና ለገረጋንቲ ማውጫ በሚሰጡት ተራሮችና ኮረብታዎች ላይ ያለው አፈር። «ለከተማ ሰው አፈር ምን ያደርግለታል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በክረምት ጎርፍ ቤቱ የሚገባበት የአዳማ ነዋሪ ያንኑ የተራራ አፈር ከሳሎኑ በአካፋ ያወጣዋል።

ከዱከም ተነስቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል በአሮጌው መንገድ ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው ጎናቸው ተገምሶ ውስጣቸው የታየ ኮረብታዎችን ሳያይ አያልፍም። ቀዩ ለመንገድና ለመሠረት ሙሌት የሚውለው ሬድ አሽ ነው። ነጣ ያለውና ክብደት የሌለው ፑሚስ ደግሞ ለብሎኬትና ከሲሚንቶ ጋር ለመቀላቀል ይፈለጋል። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆን የሠራው እሳተ ገሞራ ትቶልን የሄደው ሀብት ናቸው። ጥያቄያችን ይህ ሀብት ለምን ወጣ የሚል አይደለም። ጥያቄያችን ሀብቱ ሲወጣ በላዩ የነበረው አፈር የት ገባ፣ ማንስ ቆጠረው የሚል ነው።

የካባ ጠላቶች አይደለንም

ከተማ ያለ ድንጋይ አይሠራም። በአዳማ የቆመ ፎቅ ሁሉ፣ በየመንደሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ሁሉ ከአንድ ተራራ ተቆርሶ የመጣ ነው። በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ በመፍለጥ፣ አሸዋ በማውጣትና በመጫን የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ወጣቶች ቁጥርም ቀላል አይደለም። የብዙዎቹ ወላጆች የእኛው ደጋፊዎች፣ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። ስለሆነም «ተቃዋሚዎች ልማት አይወዱም» የሚለው የተለመደ ክስ እንዳይነሳ ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ካባ ይዘጋ አላልንም፤ አንልምም። የምንለው፣ አንድ ተራራ ለማዕድን ከመሰጠቱ በፊት በላዩ ያለው አፈር ዓይነቱ፣ ጥልቀቱና ባሕርዩ ይታወቅ፤ ሲነሳም ይቀመጥ፤ ቁፋሮው ሲያበቃም ወደ ቦታው ይመለስ ነው።

ተራራው አንድ ዓይነት አፈር የለውም

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በካርታው ላይ የሚያየው አንድ ክልልና የሄክታር ቁጥር ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ግን ከጫፉ እስከ ግርጌው ባሕርያቸው የተለያየ አፈሮች አሉ።

የመጀመሪያው በጫፉና በገደላማው ጎን ላይ የሚገኘው ጭንጫ ነው። የአፈር ባለሙያዎች ሌፕቶሶል ይሉታል። ከአለቱ በላይ ያለው ውፍረት ከ25 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ነው። ለእርሻ አይሆንም፤ «ጠፍ መሬት» ተብሎ ለካባ መጀመሪያ የሚታጨውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ግራሩና ሣሩ ሥር የሰደዱት በዚያች ስንዝር አፈር ላይ ነው። ዝናቡ ቁልቁል ከመምዘግዘጉ በፊት የሚያዘገየው ይህ ሥር ነው። ጭንጫው ከተነሳ የሚቀረው አለት ነው፤ አለት ደግሞ ውሃ አይጠጣም።

ሁለተኛው አመዳማው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድና ከፑሚስ ፍርካሽ የተሠራ ሲሆን ባለሙያዎች አንዶሶል ይሉታል፤ ስሙ ከጃፓንኛ የመጣና ጠቆር ያለ አፈር ማለት ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሲደርቅ በነፋስ ይቦናል። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ሣርና ዛፍ እስካለበት ድረስ ዝናብን በብዛት ይጠጣል፤ ይዞም ይቆያል። ሣሩ ተገፎ የጭነት መኪና ከተመላለሰበት ግን ያ መልካም ባሕርዩ ይገለበጣል። ቅንጣቶቹ ቀላልና ልቅ ስለሆኑ ውሃው በቀላሉ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ዘንድሮ ትንሽ ቦይ የነበረው ከጥቂት ክረምት በኋላ ከብት የሚገባበት ገደል ይሆናል። በአዳማና በቦሰት ወረዳዎች የሚኖር ገበሬ ይህን ከእኛ መማር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው በተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለው ቡናማ አፈር ነው፤ ካምቢሶል ይባላል። ጥልቀቱ መካከለኛ፣ ለማረስ የተመቸና ውሃ የማያቁር ነው። ገበሬው ጤፉን፣ በቆሎውንና ቦሎቄውን የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። የዚህ አፈር ሀብት ግን ከታች እስከ ላይ እኩል አይደለም። ብስባሹና ለሰብሉ ምግብ የሚሆነው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ከላይኛው አንድ ስንዝር ተኩል ውስጥ ነው። ዶዘር ያንን ንጣፍ ከታችኛው ጋር ቀላቅሎ ከገፋው አፈሩ በዓይን ሲታይ ያለ ይመስላል፤ ሲዘራበት ግን አይሰጥም።

አራተኛው በግርጌው ሜዳ ላይ የተንጣለለው ጥቁር አፈር ነው። በአማርኛ ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ፣ በባለሙያዎች ዘንድ ደግሞ ቨርቲሶል ይባላል። ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የአድአን ጤፍ ስመ ጥር ያደረገው ይህ አፈር ነው፤ በላዩ የተሠራውን ቤትና መንገድ የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው። ኮንትራክተሩ በዋልካ ላይ መንገድ ሲሠራ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ወይም ሬድ አሽ ይሞላል። እንግዲህ ኮረብታው ከሚቆረስባቸው ምክንያቶች አንዱ የሜዳው አፈር ባሕርይ ነው ማለት ነው። የላዩና የታቹ የተያያዙ ናቸው፤ ፈቃዱ ግን የላዩን ብቻ ለይቶ ያያል።

አምስተኛው ከእነዚህ ሁሉ ተነስቶ የሄደው ነው፤ ደለል። በቦታው ሲያርፍ ሀብት ነው። የወንጂ ሸንኮራ አገዳ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ለፋብሪካ የሚደርሰው በአዋሽ ዳር መሬት ላይ በቅሎ ነው። ያለ ቦታው ሲያርፍ ግን ዕዳ ነው። ከጦርነት ካሳ በተገኘ የኢጣልያ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙ በደለል ምክንያት በእጅጉ ቀንሷል። ከሞጆ በላይ ያለው መሬት የሚያጥበው አፈር በሞጆ ወንዝ አድርጎ የሚገባው ወደዚሁ ግድብ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር አፈር እንዲፈጠር እስከ 1000 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ይናገራል። አንድ ዶዘር ያንን በደቂቃዎች ውስጥ ይገፋዋል። ይህን የምንጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ድንጋይ ከሌላ ቦታ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ የጠፋ አፈር ግን በእኛም፣ በልጆቻችንም፣ በልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ እንደማይመለስ ለማሳሰብ ነው።

አፈሩ ሲነሳ ዕዳው የማን ነው?

በማዕድን ሥራ ቋንቋ ከማዕድኑ በላይ ያለው አፈር «ሽፋን» ይባላል። ሽፋን የሚነሳ ነገር ነው። ሲነሳም ብዙውን ጊዜ ወደ ተዳፋቱ ዳር ተገፍቶ ይከመራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ ሰኔን መጠበቅ ይበቃል። ክምሩ በመጀመሪያ የሚወርደው በግርጌው ባለው የገበሬ ማሳ ላይ ነው። ቀጥሎ የከተማው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ቦዩም ይደፈናል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው ወደ መንደር ይዞራል። ድንጋዩን የሸጠው ወገን ትርፉን ይዞ ሄዷል። ቦዩን የሚያስጠርገው የከተማው ግብር ከፋይ ነው፤ ቤቱን የሚያደርቀው ደግሞ ባለቤቱ ነው።

አዳማን የሚያጠቃው ጎርፍ ሁሉ ከካባ የመጣ ነው አንልም። እንዲህ ብንል እውነትን ማጋነን ይሆናል። የዛፍ መመናመን፣ ከተማው ያለ ፕላን ወደ ተዳፋቱ መውጣቱ፣ ቆሻሻ የሚጣልባቸው ቦዮች፣ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ነች። በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ የሚደረግ ማናቸውም ነገር ከታች ያለችውን ከተማ ሳይነካ አያልፍም። በላይዋ ያለው መሬት የተራቆተባት ከተማ ምን እንደሚደርስባት ድሬዳዋ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አሳይታናለች። በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያን ጊዜ ሁላችንም አልቅሰናል። ከለቅሶው በኋላ ግን ከከተሞቻችን በላይ ያለውን ተራራ ማን ይጠብቃል ብለን አጥብቀን አልጠየቅንም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ብለን አንከስም። ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክር ያዝዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ የጎዳውን መሬት ለማዳን የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል።

እንግዲህ መራጩን ወገን እንጠይቃለን። በሰፈራችሁ በላይ ስለተከፈተ ካባ በቀበሌያችሁ ስብሰባ ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ? የግምገማ ሪፖርት ተለጥፎ አይታችኋል? ተቆፍሮ ካበቃ በኋላ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት ያያችሁት ካባስ አለ? መልሱን ለእናንተ እንተዋለን።

ጉድለቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

አንደኛው፣ የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሮያሊቲውን የሚሰበስበውና አካባቢው እንዳይጎዳ ይቆጣጠራል የሚባለው ያው አንድ የክልል መንግሥት ነው። ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ተጠቃሚም አንድ ከሆነ ፍርዱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ አፈሩ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ገበሬ ከይዞታው ሲነሳ ካሳ የሚሰላለት በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ለሚቋረጥበት ገቢ ነው። ድንጋዩም በሮያሊቲ ይታሰባል። ከሁለቱ መካከል ያለው አፈር ግን በየትኛውም ሰነድ ላይ በብር አልተጻፈም። ያልተጻፈን ነገር የሚጠብቅ የለም።

ሦስተኛው፣ ሕጉ ለገበሬው አንድ ሚዛን፣ ለማዕድን አውጪው ሌላ ሚዛን መያዙ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይደረግበት ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ አፈሩ እንዳይሸረሸር ነው። ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ቢተካም መርሁ ትክክል ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን በሁለት በሬ ማረስ ተዳፋቱን ይጎዳል ተብሎ የተከለከለ ገበሬ በዚያው ተዳፋት ላይ ኤክስካቫተር ሲቆፍር ቆሞ ቢያይ፣ ሕጉ የወጣው አፈሩን ለመጠበቅ ነው ብለን እንዴት እናሳምነዋለን?

ሕዝብን ሳያማክሩ ማዕድን ማውጣት የሚያስከትለውንም በክልላችን አይተናል። በጉጂ ዞን የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ለ20 ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ፈቃዱ ይታደሳል ሲባል ሕዝቡ በጤናውና በአካባቢው ላይ ደርሷል ያለውን ጉዳት እየገለጸ አደባባይ ወጣ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ነው፤ የእኛዎቹ የድንጋይና የፑሚስ ናቸው፤ ጉዳታቸውም አንድ አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ስብሰባ ሊነገር የሚችል ቅሬታ 20 ዓመት ታፍኖ ሲቆይ አደባባይ ላይ ይፈነዳል። ይህ ለባለሀብቱም፣ ለሠራተኛውም፣ ለመንግሥትም አይበጅም።

የምንጠይቀው ከሌላው ዓለም ያልተሞከረ ነገርም አይደለም። አሜሪካ በ1969 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የድንጋይ ከሰል ከላይ ገፍፎ የሚያወጣ ኩባንያ የላይኛውን አፈር ለብቻው አንስቶ እንዲያስቀምጥና በኋላ እንዲመልስ፣ ለዚህም አስቀድሞ ዋስትና እንዲያስይዝ አስገድዳለች። ሕጉ ማዕድን ማውጣትን አልከለከለም። ያደረገው ነገር ቢኖር አፈሩን ከ«ሽፋን»ነት አውጥቶ በሕግ የሚጠበቅ ሀብት ማድረግ ነው።

ቃላችን

በመሆኑም ፓርቲያችን በድምፃችሁ ከተመረጠ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል።

1. ማንኛውም ተራራ ወይም ኮረብታ ለማዕድን ከመሰጠቱ በፊት የአፈር ጥናት ይደረግለታል። ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈሩ ዓይነት፣ ጥልቀቱና የተዳፋቱ መጠን በካርታ ላይ ይሰፍራል። ጥናቱን የሚሠራው በፈቃድ ጠያቂው የሚከፈለው አማካሪ አይሆንም፤ እንደ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ባለሙያዎች ይሆናሉ። እውቀቱ ከከተማችን ደጃፍ አለ፤ የጎደለው የሚጠይቀው ነው።

2. የላይኛው አፈር ለብቻው ይነሳል፤ ከታችኛው ጋር አይቀላቀልም። ዝቅ ብሎ ተከምሮ፣ ሣር ተዘርቶበት፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ካባው በየክፍሉ ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል።

3. የማዳኛው ገንዘብ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በዝግ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። መሬቱ ለመዳኑ ማረጋገጫ ሳይሰጥ አይለቀቅም። በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች አቅማቸው ስለማይፈቅድ መንግሥት ከሮያሊቲው ላይ ድርሻቸውን ይሸፍናል።

4. ከከተሞች በላይ ያሉ ገደላማ የጭንጫና የአመዳማ አፈር ተዳፋቶች ተለይተው ለማዕድን ዝግ ይሆናሉ። ካባ ጉዳቱ ወደሚቀልበት ቦታ ይመራል።

5. ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በኦሮምኛና በአማርኛ የሚካሄድ ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራል። የሚጠራው የተራራው ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ጎርፉ የሚደርስበት የከተማው ቀበሌ ሕዝብ ጭምር ነው። ሪፖርቱም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

6. ተቆፍረው የተተዉ አሮጌ ካባዎች ተቆጥረው ይመዘገባሉ። እነርሱን የማዳኑ ሥራም ለየአካባቢው ወጣቶች ይሰጣል። ድንጋይ በመፍለጥ የሠለጠነ እጅ እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል አያቅተውም።

ዋጋውን አንደብቅም

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። አፈር ማንሳት፣ ማስቀመጥና መመለስ ወጪ ነው፤ ወጪውም በብሎኬቱና በጠጠሩ ዋጋ ላይ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ቤት እየሠራ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ። ልዩነቱ ዛሬ የሚከፍለው ድንጋዩን የገዛው አለመሆኑ ነው። የሚከፍለው ማሳው በደለል የተቀበረበት ገበሬ፣ ቤቱ ውሃ የገባበት ድሃ፣ ቦይ ሲጠረግ ግብሩ የሚፈስበት ነጋዴ ነው። እኛ የምንለው ዋጋው በደረሰኙ ላይ ይታይ፤ የተጠቀመ ይክፈል ነው። ፍትሕ ማለት ይኸው ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፤

ገዥው ፓርቲ የተሠሩትን መንገዶችና ፎቆች እየቆጠረ ድምፃችሁን ይጠይቃል። የተሠራውን አንክድም። ነገር ግን ለአንድ አገር የሀብት መዝገብ ገቢውን ብቻ ሳይሆን ወጪውንም መጻፍ ግድ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ የተሸጠው ድንጋይ ተጽፏል፤ የጠፋው አፈር አልተጻፈም። ከመጪው ክረምት በፊት አንድ እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሰፈራችሁ በላይ ወዳለው ኮረብታ ውጡ። የተቆረሰውን ጎን ተመልከቱ፤ ከአለቱ በላይ ያለችውን ስስ የአፈር ንጣፍ በስንዝራችሁ ለኩ። ከዚያም ወደ ታች፣ ወደ ቤታችሁ ተመልከቱ። ያቺን ስንዝር ማን እንዲጠብቃት እንደምትፈልጉ በምርጫው ቀን በካርዳችሁ ወስኑ።

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት
አዳማ